ካበጠች ትፈንዳ

ደንበኞቿ ያወጡላት ስም እጀ ቀሊል ነው። እሷ ስታበጥር የሚጮህ የለም፤ ቢጎዲኑ ተጠቅልሎ ሳያልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚጥላቸውም አሉ። ፈጣሪ ግን ለአንድ ሰው ሁሉን አሟልቶ አይሰጥምና፣ እርግዝናዋ ሲገፋ እጇ እንደቀለለ ቀርቶ እግሯ ከበደ። ጠዋት ደህና ሆኖ ከቤት የወጣ እግር ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቶበት ይገኛል። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደው እስኪመለስ አንድ ቢጎዲን ይጠቀለላል። «ቁርጭምጭሚቴን ያያችሁ» ትላለች እያበጠረች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ መቆሙን ግን አትተውም። ፀጉር ሠሪ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?

ጫማዎቿ አንድ በአንድ አኮረፏት። መጀመሪያ ባለ ተረከዙ፣ ቀጥሎ ሽፍኑ፣ በመጨረሻም ለእርግዝናዬ ብላ የገዛችው ክፍት ጫማ ማሰሪያው ሥጋዋ ውስጥ እየሰመጠ እምቢ አለ። የቀራት የባሏ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ሰፊ ነው፣ ቡኒ ነው፣ የቀኙ ተረከዝ ነዳጅ መስጫ ላይ ሲውል ኖሮ በአንድ በኩል ተበልቷል። ቦርሳና ጫማዋ ሳይገጥሙ ከደጅ የማትወጣ ሴት ያንን እየጎተተች ፀጉር ቤቷን ስትከፍት ያየ ሁሉ፣ እርግዝና ኩራትን እንዴት እንደሚያበርድ ገብቶታል።

ባሏ ረጅም መንገድ የሚሠራ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የሥራ ጓደኞቹ ፍሬን ይሉታል፤ ቁልቁለቱ ገና ከሩቅ ሲታየው ፍሬን መርገጥ ይጀምራልና። በሹፌርነት ዘመኑ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። «የመኪናው ነው እንጂ የምላሱ ፍሬን ድሮ ተበጥሷል» ትላለች ሚስቱ። እውነቷን ነው። ሆደ ቡቡ ሰው ነው፤ የታመመ ድመት ሲያይ እንባው ይመጣል። ቃሉ ግን ከሐሳቡ ቀድሞ ይወጣል፣ ሐሳቡ እስኪደርስ ቃሉ ሰፈሩን ዞሮ ይጨርሳል።

ነገሩ የጀመረው በቀጠሮ ነው። ሰኞ ጠዋት ለምርመራ ሐኪም ቤት አብረው ሊሄዱ ተስማምተው ነበር። እጀ ቀሊል ለዚያ ቀን የራሷ ምክንያት ነበራት። ባለፈው ብቻዋን ሄዳ የልጁን የልብ ምት ስትሰማ፣ ድምፁ ክፍሉን ሲሞላው፣ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። በዚህኛው ጊዜ እሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ፊቱን ማየት ፈለገች። ይህን ግን አልነገረችውም፤ ሳያስበው ዱብ እንዲልበት ብላ ነው። እሁድ ላይ አንድ ጓደኛው ታመመና ፍሬን ጭነቱን ተቀበለለት። «ሐኪም ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድ፤ በሚቀጥለው እወስድሻለሁ» አላት።

«እሺ» አለችው።

የእጀ ቀሊል እሺ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅሙ እሺ፣ እሺ ማለት ነው። አጭሩ ከእምቢ ይብሳል። ያን ቀን የወጣው አጭሩ ነበር። አማቷ ከጓዳ ሆና ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፣ ፍሬን ግን ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወጣ። እሷም እልህ ያዛትና ብቻዬን አልሄድም ብላ ቀጠሮውን አሳለፈችው።

ሐኪም ቤት መዋል በነበረባት ሰኞ ሙሽራና ሚዜዎቿን ስትሠራ ዋለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ አልበረደም፣ እሷም አልተቀመጠችም። ማክሰኞ ስትነሣ እግሯ ማታ እንዳበጠ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲነጋ የሚጎድለው እብጠት አልጎደለም። ደነገጠች፤ ግን ለማንም ሳትናገር የባሏን ነጠላ ጫማ አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አማቷ እርግዝናው ከገፋ ወዲህ አብራቸው ናት። ቀን ቀን ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፤ ዓይኗ ግን ከፎጣው ይልቅ የምራቷ እግር ላይ ነው። ያን ዕለት ረፋዱ ላይ «በቃ» ብላ ተነሣች። ማበጠሪያውን ከምራቷ እጅ ወስዳ ለጥፍር ሠሪዋ፣ ለእጀ ቀሊል የሥራ ሸሪክና ባልንጀራ፣ ሰጠቻት። ምራቷን ሶፋው ላይ አስቀመጠች፣ ርጩማ ሳበች፣ ያጠፈችውን ፎጣ ሁሉ ርጩማው ላይ ከመረች፣ ሁለቱንም እግሯን አንሥታ ከፎጣው በላይ አኖረች።

«እማማ፣ ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው እኮ።»

«ትጠብቅ። ፀጉር ነው፣ አይሸሽም።»

ይህን ብላ ስልኳን አወጣች። አማት ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አታውቅም፤ ጆሮ ያደነቁራል ትላለች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ስልኩን እንደ መስተዋት ፊቷ ላይ ይዛ ነው የምታወራው። ስለዚህ የዚያን ዕለቱን ንግግር ፀጉር ቤቱ በሙሉ ነው የሰማው። አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ወንበሩ ላይ ነበረች፣ አንዲት የሱቅ ባለቤት ካስክ ውስጥ ነበረች፣ ሌሎችም ተራ ይጠብቁ ነበር። ፍሬን ስልኩን አነሣ።

«አቤት እማዬ። ቆይ ጥግ ልያዝ።» መኪናው ሲቆም ተሰማ። «እሺ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ሚስትህ አብጣለች።»

 ፍሬንን አጭሩ እሺ መንገድ ላይ ሳለ ትዝ ብሎት ሲከነክነው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ከወጣህ ጀምሮ። ዛሬማ ብሶባታል።»

«እኔ ምን ላድርግ እማዬ? ትተዋለች፣ ጊዜ ስጧት።»

«እንዴት ብሎ ይተዋታል? እኛማ ይሻላታል ብለን ከፍ አድርገን ይዘናታል።»

«እሱ ነው እኮ» አለ ፍሬን፣ ሲፈልገው የነበረ ነገር የተገኘለት መስሎት። «እናንተ ከፍ ከፍ ስታደርጓት ነው እኮ የምታብጠው። ተያት እማዬ። ካበጠች ትፈንዳ።»

 ጥፍር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አየር ላይ ይዛ ቀረች። የሱቅ ባለቤቷ ብቻ፣ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ «ምን አለ?» ብላ ጮኸች። የመለሰላት የለም። ካስኩን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ «ማን ነው የሚፈነዳው?» አለች።

አስተማሪዋ ነገሩን ላለዝብ ብላ በተረት መጣች። «መቼም የተናገሩት ከሚጠፋ...»

«እንዳትጨርሺው» አለች አማት።

የቀረው ግማሽ «የወለዱት ይጥፋ» መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አስተማሪዋም ዘግይታ አስታወሰችውና አፏን በመዳፏ ያዘች። አማት ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች።

«አንተ ልጅ። ያበጠው እግሯ ነው።»

«እግሯ?»

«እግሯ። ቁርጭምጭሚቷ የት እንደገባ አይታወቅም።»

ስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ተሰማ፤ ሌላም አለፈ።

«እየሰማች ነው?» አለ ፍሬን በቀጭን ድምፅ።

«ማን የማይሰማ አለ?»

«እሷን አገናኚኝ እማዬ።»

እጀ ቀሊል አንገቷን በአሉታ ወዘወዘች። ሞኝ አይደለችም፤ ባሏ ምን እንደመሰለው ከማንም ቀድሞ ገብቷታል። መጀመሪያ የመጣባት እንዲያውም ሳቅ ነበር። ሳቁ ግን ሳይወጣ ሌላ ነገር ሆነ። የሰባት ወር ተኩል ሆዷን ይዛ፣ እግሯን ፎጣ ላይ ሰቅላ፣ ትፈንዳ ሲባልላት ደንበኞቿ ሁሉ ሰሙ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፣ አማቷም ከእግሯ ሥር አንድ ፎጣ መዝዛ አቀበለቻት።

ፍሬን ጭነቱን አራግፎ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እጁ ሙሉ ነበር፤ አዲስ ሰፊ ነጠላ ጫማ፣ ሳፋ፣ ትራስ፣ እንዲሁም ሻጩ ለእብጠት ፍቱን ነው ብሎ ያሸከመው ረጅም ካልሲ። ካልሲውን ለማልበስ እናትና ልጅ በሁለት በኩል ሆነው ሲጎትቱ ፍሬን ሚዛን ስቶ ከነካልሲው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጀ ቀሊል በሳቅ ሆዷን ትይዝ ነበር። ያን ዕለት ግን ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ አየች።

«እኛ ሹፌሮችም እኮ እናብጣለን» አላት፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እያስገባ። «ቆመሽ ብትውይም ተቀምጠሽ ብትውይም ያው ነው። መላው ማንቀሳቀስ ነው። እንዲህ፣ ተረከዝሽን ሳታነሺ ጣቶችሽን ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አሁን ደግሞ አዙሪው።» ከዚያ በሻካራ እጁ ከጣቶቿ ጀምሮ ወደ ጉልበቷ እያሻሸ ወጣ። እጁ ቀላል አይደለም፣ ግን የዋህ ነው። ተመችቷት ዓይኗ ሊከደን ሲል አፉን ከፈተ። «እግርሽ መሆኑን ባላውቅ ነው።»

«እሺ» አለችው። አጭሩ።

ማታም ያንኑ አላት፤ ትራስ እግሯ ሥር ሲያደርግ አላት፣ በግራ ጎኗ እንድትተኛ ጀርባዋን ሲደግፍ አላት። «እግርሽ መሆኑን ባውቅማ እንደዚያ እላለሁ?» አማትም ጨው እብጠት ያባብሳል ሲባል ሰምታ ኖሮ የቤቱን ጨው ደበቀችው፤ በኋላ የት እንደደበቀችው ራሷም ጠፋት። ሦስቱም ውሃ ውሃ የሚል ሾርባ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠጡ፣ ፍሬን አንዴ ሳህኑን አንዴ ሚስቱን ያያል። የጎደለው ጨው ብቻ አለመሆኑ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

እጀ ቀሊል ግን ታውቃለች። እግሯ መሆኑን ቢያውቅ እንደማይላት ማን ይስተዋል? ስለ እግሯ ቂም የላትም። ግን እግሯ ባይሆንስ? እንዳሰበው አኩርፋ ቢሆንስ ኖሮ? አኩርፋም ነበር እኮ። ያበጠችው በሁለቱም ነው፤ ከታች በእግሯ፣ ከላይ በአንጀቷ። እሱ የታችኛውን እያሸ ይቅርታ ይለምናል፣ የላይኛውን ግን ትፈንዳ እንዳላት ነው። ይህን ልትነግረው ትነሣና መልሳ ትተወዋለች። ባሏ ለእብጠቷ ሳፋ ሲሸከም ለኩርፊያዋ ጊዜ ከሌለው፣ ልጁ ተወልዶ እግሯ ሲጎድል ምን ሊተርፋት ነው? የሚያስፈራት ይህ ነበር፣ ከእግሯም በላይ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰዳት። የእሱን አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፤ አዲሱን እምቢ አለች። አዋላጇ ነርስ ጥያቄ አበዛች። ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል? እጅሽስ፣ ፊትሽስ አብጧል? ቀለበትሽ ይወልቃል? ቀለበቱ ወለቀ፣ ተመልሶም ገባ። ግፊቷን ለካች፣ ሽንቷን ለምርመራ ላከች። «እዚሁ ሆናችሁ ውጤቱን ጠብቁ» ብላ ስትወጣ ፍሬን የጣለውን ነገር የሚፈልግ ይመስል ወለሉን ማየት ጀመረ። እጀ ቀሊል እልሄ ልጄን ጎድቶት ይሆን እያለች ሆዷን ይዛ ነበር። የሳተችው ቀጠሮ አሁን ነው የከበዳት። ሁለቱም ፈሩ፣ ግን እጃቸው አልተያያዘም።

ነርሷ ፈገግ ብላ ተመለሰች። ግፊቷ ደህና ነው፣ ሽንቷም ንጹሕ ነው። «ቆመሽ ስለዋልሽ ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ ፍሬን ዞረች። «ግን እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ከድካም የሚመጣው እግር ከፍ ሲል፣ ሰው ሲያርፍ ይጎድላል። አድሮ የማይጎድለውን ግን ይተዋታል ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ፊትና እጅ ላይ ከወጣ፣ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወዲያው ይዘሃት ና። አድሮ የማይጎድል እብጠት ዝም አይባልም፤ ምን እንደሆነ ይጠየቃል።»

ቀጥላ ሆዷ ላይ መሣሪያውን አሳረፈች። ክፍሉ በልብ ምት ተሞላ። ፈጣን ነው፣ ያለማቋረጥ ይመታል። እጀ ቀሊል ለሆዷ ሳይሆን ለወንበሩ ዞረች። ፍሬን አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር፤ እንባው አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሶ ተንጠልጥሏል። «ሞተሩ ጥሩ ነው» አለ፣ ሌላ ቃል ሲጠፋው። ነርሷ ሳቀች። እጀ ቀሊል ልትስቅ ብላ፣ ያ ያልጎደለው ነገር እንደገና ያዛት።

ውጭ፣ ግቢው ጥላ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ። ታክሲ እስኪመጣ ተቀመጡ። ፍሬን ሳትጠይቀው እግሮቿን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አኖረ። አላፊ አግዳሚው ያያቸዋል፤ እሱ ግድም አላለው። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸ ቆየ።

«አድሮ የማይጎድል» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ነርሷ ያለችው። አድሮ ያልጎደለ እብጠት አለብሽ።»

«አየችው አይደል? ደህና ነው አለች።»

«እግርሽን አይደለም ያልኩት።»

እጀ ቀሊል ቀና ብላ አየችው። ከሄደ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። 

«እግሬ ባይሆንስ?» አለችው። «አኩርፌ ቢሆንስ? አኩርፌም ነበር። ሳኮርፍ ልፈንዳ?»

መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አየችው፤ ከንፈሩ ሲከፈት አየችው። እንዲያው ለጨዋታ ነው ሊል ነው፣ እንደዚያማ ማለቴ አይደለም ሊል ነው። ግን አላለም። አፉን ገጠመ። ቁልቁለቱን ከሩቅ አይቶ ፍሬን ያዘ።

ቆየና «አትፈንጂ» አለ። «ባወቅሁት ጥሩ ነበር። ያን ቀን እሺ ስትይኝ እሺ አለመሆኑን ሰምቻለሁ ሆዴ፤ መንገድ ላይ ሲቆጠቁጠኝ ነበር። መመለስ ፈርቼ ነው፣ ብጠይቅሽ ትናደጂብኛለሽ ብዬ። ካበጥሽ እንግዲህ እጠይቅሻለሁ። ምን አድርጌሽ ነው ያበጥሽው?»

«ይሄንን» አለች፣ በአገጯ ወደ ምርመራ ክፍሉ እያሳየች። «ባለፈው ብቻዬን ነው የሰማሁት። ስትሰማ ላይህ ፈልጌ ነበር።»

ፍሬን ይህን ሲሰማ እግሮቿን ይዞ አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፣ ያ ሆደ ቡቡነቱ መጣበት። እጇን ዘርግታ ፀጉሩን ዳበሰችው። ማበጠሪያ ሳትይዝም እጇ ቀላል ነው። ታክሲው መጥቶ ጥሩንባ ቢነፋም አልተነሡም፤ ባለ ታክሲው ራሱ ወርዶ ጫማዋን ይዞ ቆመ።

አማት ግን በዋዛ የምትተው አይደለችም። «በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት ይነሣል» ብላ ቅዳሜ ቤቱ ግጥም ባለበት ሰዓት ልጇን ፀጉር ቤት መሃል አቆመችው። አስተማሪዋ ነበረች፣ የሱቅ ባለቤቷም እንደ ልማዷ ካስክ ውስጥ ነበረች። ፍሬን ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ተናገረ። «ያን ቀን ያልኩትን አንሥቻለሁ። እግሯ ነው ብዬ አይደለም የማነሣው። ቢሆንም ባይሆንም አንሥቻለሁ።»

«ምን አለ?» ብላ ጮኸች የሱቅ ባለቤቷ።

«አትፈንዳ አለ» አለቻት አስተማሪዋ፣ የጀመረችውን ተረት ያካካሰች ስለመሰላት ደስ እያላት።

ፍሬን ቃሉን በማንሣት ብቻ አላበቃም። አለቃውን ለምኖ እስክትወልድ ድረስ ከተማ ውስጥ የሚያመላልስ ሥራ ላይ ተመደበ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ የሹፌር መቀመጫ አስፈታ። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወዲያና ወዲህ የሚዞር መቀመጫ ነው። ብረት አስበየደበትና ፀጉር ቤቱ መሃል ተከለው። ደንበኛዋ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እጀ ቀሊል ከኋላዋ እንደ ሹፌር ከፍ ብላ ትቀመጣለች፣ እግሯን በየተራ ርጩማው ላይ እየሰቀለች ታበጥራለች። ፀጉር ሠሪ ተቀምጣ ምን ትሠራለች ላለ ሰው መልሱ እዚያ ነበር። ጥፍር ሠሪዋ ብቻ «ቀበቶሽን እሰሪ» እያለች ታስቸግራታለች።

ከዚያ ወዲህ ፍሬን እኩለ ቀን ላይ ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው።

«አብጠሻል?»

«አዎ።»

«ታች ነው ላይ?»

ብዙውን ጊዜ ታች ነው። ማታ ሳፋውን ያቀርባል፣ ያሻሻል፣ ጣቶችሽን ወደ ላይ ወደ ታች ይላታል። አንዳንዴ ደግሞ «ላይ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ምክንያቱን ይጠይቃል፣ እሷም ትነግረዋለች። አንድ ቀን ያሳበጣት ጥርሱን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ እሱንም ከበር ውጭ ሆኖ መፋቅ ጀመረ። እነሱ ዘንድ ሰንበት ያለ ሰው አጭሩ እሺ ከዚያ ቤት መጥፋቱን ያስተውላል። ጨዉም ተገኘ፤ የአማት የፎጣ ክምር ውስጥ ነበር።

ቀኗ ደረሰ። የዚያን ዕለት እጀ ቀሊል መቀመጫዋ ላይ ሆና የሱቅ ባለቤቷን ፀጉር ጠቅልላ ካስክ ውስጥ አስገባቻትና ዞር አለች። ዞር ስትል ሙቅ ነገር ጭኗን ይዞ ወረደ፣ መቀመጫውን አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የእንሽርት ውሃዋ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ጥፍር ሠሪዋ ቀለሙን አስቀምጣ ብድግ አለች፣ አማት የፎጣውን ክምር አቅፋ መጣች። እጀ ቀሊል ግን ቆይ በሚል ጣቷን አነሣች፤ ስልኳን አወጣች፣ እንደ አማቷ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ እንደ መስተዋት ፊቷ ላይ ያዘችው።

ፍሬን አነሣ። ከበስተኋላው የመኪና ማራገፊያው ጫጫታና የጓደኞቹ ሳቅ ይሰማል።

«አብጠሻል?» አላት እንደ ልማዱ። «ታች ነው ላይ?»

«ፈነዳሁ» አለችው።

ጫጫታው ቆመ። እዚያም ስልኩ ክፍት ነበር መሰለኝ፣ አንድም የሚስቅ አልተሰማም። እጀ ቀሊል ምጡ ወገቧን ሲይዛት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ደግሞ ምን ይል ይሆን ብላ አልነበረም የጠበቀችው፤ ድምፁን ብቻ ነው የፈለገችው።

«እማዬ ትሰማለች?» አለ ፍሬን።

«ማን የማይሰማ አለ?» አለች አማት።

«እማዬ» አለ፤ መሮጥ ጀምሮ ኖሮ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ከፍ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ከፍ ከፍ አድርጋችሁ። መጣሁ።»

ፎጣው ተነጠፈ፣ እግሯ ተነሣ፣ ጥፍር ሠሪዋ ታክሲ ልትጠራ ወጣች። ካስክ ውስጥ የተረሳችው የሱቅ ባለቤት አንገቷን አወጣች።

«ምን አለ?» ብላ ጮኸች።

እጀ ቀሊል እያማጠችም እየሳቀችም ራሷ መለሰችላት።

«ከፍ አድርጓት አለ።»